የአባቴ ኮምፒውተሮች የት ይሂዱ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ ካረፈ አሥር ወር ሆነው። ዕድሜውን ሙሉ ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑም፣ የዘመዱም፣ የጎረቤቱም ማሽን ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ቤዝመንታችን አሁንም በዕቃው እንደተሞላ ነው። አራት ላፕቶፕ፣ ሰባት ዴስክቶፕ፣ ሁለት የድሮ ትልልቅ ሞኒተር፣ ኮሞዶር 64 የሚባል ነገር፣ ትንሽዬ የድሮ ማኪንቶሽ፣ ከባባድ ኪቦርዶች፣ ሁለት ካርቶን ገመድ፣ በእጅ ጽሑፉ በአማርኛ ስም የተጻፈባቸው የፍሎፒ ዲስኮች። ሙት ዓመቱ ደርሶ እንግዳ ሊመጣብን ነው። እናቴ ‹የሰውየውን ልፋት ቆሻሻ ላይ እንዳትጥሉብኝ› ትላለች። ወንድሜ ሁሉንም በኮንቴይነር አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት እንላከው ባይ ነው። እኔ ባለፈው ቅዳሜ መኪናዬን ሞልቼ ያገለገለ ዕቃ በስጦታ ተቀብሎ ወደሚሸጥ አንድ ትሪፍት ስቶር ብወስደው፣ የሚቀበለው ልጅ ገና ሞኒተሩን ሲያይ አንወስድም ብሎ ከነጭነቴ መለሰኝ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ይሻላል?»
የአባቷ ልጅ

ውድ እህቴ፣

ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልሽ፤ እናትሽንም እግዜር ያጽናልሽ።

መኪና ውስጥ ያለቀስሽውን ለቅሶ አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ የሟች ልብስ ወጉ የታወቀ ነው። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ለተቸገረ ይሰጣል፤ ተቀባዩም «ነፍስ ይማር» ብሎ ይወስዳል። የሟች ኮምፒውተር ግን ገና ወግ አልወጣለትም። ለማን እንደሚሰጥ፣ እንዴት ተሰናድቶ እንደሚሰጥ የሚነግርሽ ሽማግሌ አታገኚም። እኔ ላለፉት ስድስት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የበጎ አድራጎት ትሪፍት ስቶር ጓሮ ክፍል ዕቃ እየለየሁ አገለግላለሁ። ስለዚህ ከበሩ ወዲያ ያለውን እንደማውቀው ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ስለዚያ ልጅ። የመለሰሽ ከክፋት አይመስለኝም። የድሮው ባለ ሆድ ሞኒተር መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለበት፤ እንደ መጠኑ ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ይደርሳል። እርሳሱ የገባው ከውስጥ የሚወጣውን ጨረር እንዲያግድ ነው። ተሰብሮ አፈር ውስጥ ሲቀበር ግን መርዝ ይሆናል። ገዢ የለውም፣ ስለዚህ የተቀበለው ሱቅ ለማስወገጃው ከኪሱ ይከፍላል። ያ ገንዘብ ደግሞ ለሥራ ፈላጊ ሥልጠና ወይም ለተቸገረ ቤተሰብ ሊውል የነበረ ነው። ሁለቱን ሞኒተሮች ከዛሬ ጀምሮ ከስጦታው ውስጥ አውጪያቸው። የሞንጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ስለሆንሽ ደርዉድ የሚገኘው የሼዲ ግሮቭ ማስተላለፊያ ጣቢያ ይቀበልሻል፤ ለኤሌክትሮኒክስ ለብቻው መቀበያ አለው። ሰዓቱን በካውንቲው የመረጃ ስልክ በ311 ደውለሽ ጠይቂ፣ የሚሸከም ሰውም ይዘሽ ሂጂ፤ ብቻሽን አታንሺው። ለእናትሽም ንገሪያቸው፦ እዚያ ሲደርስ መዳቡ ለብቻ፣ መስታወቱ ለብቻ ተለይቶ ይወጣል እንጂ ጉድጓድ አይገባም።

አሁን ወደ ጓሮው ክፍል እንግባ። አንድ ዕቃ እጃችን ገብቶ ዋጋ እስኪለጠፍበት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከልብስ፣ ከድስት፣ ከሕፃን ጋሪ መሐል ኮምፒውተር ብቅ ሲል የምናነሣው ሰዎች ባለሙያ አይደለንም። ገመዱ አብሮት ካልመጣ አንከፍተውም፤ ያልከፈትነውን ደግሞ ይሠራል ብለን አንሸጥም። ዋጋው የሚለጠፍበት ወረቀት ቀለሙ የመጣበትን ሳምንት ይናገራል፤ አራት አምስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ያልተሸጠው ይነሣል። የአባትሽ ዕቃ ወዳጁን የሚያገኝበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ጉድዊል የሚባለውን ባለ ብዙ ትሪፍት ስቶር የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ላይ የጀመሩት ኤድጋር ሄልምስ የሚባሉ የሜቶዲስት ቄስ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ከሀብታሞች ሰፈር ያረጀ ዕቃ ይሰበስቡና ድሆች ጠግነው እንዲሸጡት፣ ከሽያጩም ደመወዛቸውን እንዲያገኙ ያደርጉ ነበር። መጠገኑ የስጦታው ግማሽ ነበር ማለት ነው። እኔ በማገለግልበት ጓሮ መጠገኛ ጠረጴዛ የለም፤ ያ ግማሽ ሥራ በሰጪው ላይ ወድቋል። አባትሽ ሲሠሩት የኖሩትም ይህንኑ ነበርና አንቺና ወንድምሽ ሁለት ቅዳሜ ብትሰጡት አይከብዳችሁም። እያንዳንዱን ማሽን ክፈቱት፣ የሚሠራውን ከማይሠራው ለዩ። በሚሠራው ላይ ሦስት መስመር ያለው ወረቀት ለጥፉ፦ ምን እንደሆነ፣ መቼ ተሞክሮ እንደሠራ፣ ምን እንደሚጎድለው። ቻርጀሩን በፕላስተር እዚያው እሰሩት። እንዲህ ተሰናድቶ የመጣ ዕቃ ስናገኝ ጓሮ ያለን ሰዎች እንዴት ደስ እንደሚለን ብታዪ! ሰጪው ስለማያውቀው ገዢ አስቧል ማለት ነው።

ላፕቶፖቹ ከሁሉ በፊት ሰው የሚያገኙት ናቸው። አዲስ የመጣ ቤተሰብ፣ ኮሌጅ የጀመረ ልጅ፣ ሥራ የሚያመለክት ሰው ዘወትር ይጠይቀናል። ችግሩ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነጻ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ብዙዎቹ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበሉም። ይህ ማለት ግን ሞቱ ማለት አይደለም። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት በነጻ ይገኛል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ከሆነና የሚሽከረከረው ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው፣ በማይሽከረከረውና በሚፈጥነው ዲስክ ከተተካ፣ የአሥር ዓመት ላፕቶፕ ለኢንተርኔትና ለቤት ሥራ ደህና አድርጎ ያገለግላል። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ወጣቶች ይህን በአንድ ከሰዓት የሚጨርስ አታጡም። ባትሪው ያበጠ ካለ ግን ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፣ ሱቅም አትውሰዱት፤ ሊነድ ይችላል። እሱም ሼዲ ግሮቭ ይሂድ፣ ያበጠ መሆኑን ለሠራተኛው ንገሩት።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል።

አባትሽ የሰው ኮምፒውተር ይጠግኑ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቤዝመንት ያሉት ሃርድ ዲስኮች የእናንተ ብቻ አይደሉም። የጎረቤት የታክስ ወረቀት፣ የአንዱ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ የሌላዋ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የሠርግ ፎቶ ሊኖርባቸው ይችላል። ሰዎቹ ማሽናቸውን ሲሰጡ የሰጡት በአባትሽ ላይ ያላቸውን እምነት ነው፤ ያ አደራ አሁን ወደ እናንተ ተላልፏል። «ሰርዤዋለሁ» ማለት ደግሞ አይበቃም። ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች ከ2000 እስከ 2002 ድረስ ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮች ከገበያ ገዝተው መርምረው ነበር። 129ኙ ይሠሩ ነበር፤ በአግባቡ ተጠርገው የተገኙት ግን 12 ብቻ ናቸው። በተቀሩት ላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥርና የሕክምና መረጃ ጭምር ተገኘ። እኔ ራሴ አንድ ቅዳሜ የከፈትኩት ላፕቶፕ የአንዲትን እናት የፍርድ ቤት ወረቀቶች እንዳለ ይዞ ነበር። ወዲያው ዘግቼ ዲስኩን አወጣሁት፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልያዝልህ አለኝ።

ስለዚህ ማንኛውም ማሽን ከቤት ከመውጣቱ በፊት ዲስኩ ይታይ። የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ዲባን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በላዩ እየጻፈ ያጠፋዋል፤ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ከፍታችሁ መተኛት ነው። ለኤስኤስዲ ዲባን አይሆንም፣ አምራቹ ራሱ ያዘጋጀውን ማጥፊያ ፈልጉ። ያልሆነላችሁን ዲስክ ነቅላችሁ በመሰርሰሪያ ብሱት፣ ማሽኑንም «ዲስክ የለውም» ብላችሁ ጽፋችሁ ስጡ። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን የምታውቁት ዲስክ ካለ ደውሉለት። ልጇ ሕፃን ሳለ የተነሣችው ፎቶ እዚያ ቀርቶባት ዓመታት ያዘነች ሴት ትኖር ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

በሰባቱ ዴስክቶፖች ብዙ አትድከሙ። ከ2010 ወዲህ የተሠራውን እንደ ላፕቶፖቹ አድርጉት፣ ከዚያ በፊት ያለው ሼዲ ግሮቭ ይሂድ። ከገመዶቹ ካርቶንም የየማሽኑን ገመድ አውጥታችሁ የተቀረውን አንድ ላይ ለሪሳይክል ስጡ፤ እኛ ዘንድ የተጠላለፈ ገመድ የሚፈታ ሰው የለም።

ኮሞዶር፣ ማኪንቶሽና ኪቦርዶቹ ግን ሌላ ወሬ ናቸው። እነዚህ ለዕለት ሥራ ያረጁ ናቸው፣ የሚፈልጋቸው ሰው ግን አለ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ አቧራ የበላው ኪቦርድ አመጣልንና ወደ መጣያው ጋሪ ሊገባ ሲል አገላብጬ ጀርባውን አየሁት፤ አይ ቢ ኤም ከ1985 ጀምሮ የሠራው ሞዴል ኤም የሚባለው ነበር። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሲጫኑት የሚታጠፍ ትንሽ ሽቦ አለው፤ ድምፁም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጠርጌ፣ ምንነቱን በወረቀት ጽፌ ሂሳብ መክፈያው አጠገብ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጥተው አንዲት ቁልፍ ብቻ ተጭነው ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ እንደገና ተጫኑ። ከዚያ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ያ ወረቀት ባይጻፍ ኖሮ ዛሬ የት እንደሚሆን አስቢው። ያንቺዎቹ ኪቦርዶች ከባድ ከሆኑ ጀርባቸውን አንብቢ።

ኮሞዶር 64 በ1982 የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። የራሱን ጥቁር ፓወር ሰፕላይ ሰክታችሁ እንዳትሞክሩት። ያ ዕቃ ሲያረጅ ከ5 ቮልት በላይ እየላከ ውስጥ ያሉትን ቺፖች ያቃጥላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በአዲስ ይተካዋል። ትንሹ ማኪንቶሽ ደግሞ ውስጡ ያለችው ባትሪ ከጊዜ ብዛት ፈስሳ ቦርዱን ልትበላ ትችላለች፣ ማውጣት ጥሩ ነበር። ነገር ግን ውስጡ ያለው ሞኒተር ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛልና እናንተ አትክፈቱት። «ባትሪው አልወጣም» ብላችሁ ጻፉና ለሚያውቅ ተዉት።

የሚያውቀውን የት እናገኛለን ካልሽ፣ መጀመሪያ ሱቁን ስትደውዪ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ለየት ያለ ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ ታወጣላችሁ?» ብዙ የጉድዊል ቅርንጫፎች ሾፕጉድዊል በሚባለው ጨረታ ይሸጣሉ፤ ይህ በ1999 በካሊፎርኒያው የኦሬንጅ ካውንቲ ጉድዊል የተጀመረ ነው። ያኔ የአባትሽን ኮሞዶር ሚኒሶታ ያለ ሰብሳቢ ሳይቀር ያየዋል፣ ገቢውም ለበጎ ሥራው ይውላል። ቅርብ ደግሞ ከባልቲሞር በላይ ሀንት ቫሊ የሲስተም ሶርስ የኮምፒውተር ሙዚየም አለ፣ ኒው ጀርሲ ዎል ከተማ ውስጥም የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበር ሙዚየም አለው። ፎቶ አንስተሽ አስቀድመሽ ጻፊላቸው እንጂ ጭነሽ እንዳትሄጂ፤ የመመለስን ሕመም አንዴ ቀምሰሽዋል።

ለወንድምሽ ይህን ንገሪልኝ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ለማስወገድ የከበደን ዕቃ፣ ማስወገጃው ከዚህ ያነሰበት አገር ለሚገኝ ትምህርት ቤት ስጦታ አይሆንም። የመርዛማ ቆሻሻን ዝውውር የሚገዛው የባዝል ስምምነት በ1989 ወጥቷል፤ ኢትዮጵያ አባል ናት፣ አሜሪካ ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር በስምምነቱ ተደንግጓል። ሌላም አለ። እዚህ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። የድሮ ዴስክቶፕ ከበስተኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር ይኖረዋል። ከዚህ እንደወጣ 115 ላይ ሆኖ አዲስ አበባ ከተሰካ በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል። ደስታውን በፊቱ ይዞ ካርቶኑን የከፈተውን መምህር አስቡት።

በምትኩ ከአራቱ ላፕቶፖች የተሻሉትን ሁለቱን አዘጋጁና በስም ለምታውቁት ልጅ ወይም መምህር በሰው ይላኩ። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ያለ ችግር ይሠራል። ተጓዡ ላፕቶፖቹን ከእጁ ሻንጣ ውስጥ ይያዛቸው፣ የጉምሩኩን ነገርም ሳይነሣ ይጠይቅ። ሁለት የሚሠሩ ላፕቶፖች ከአንድ ኮንቴይነር ሙሉ ጥርጣሬ ይበልጣሉ።

ስለ ታክስ ባትጠይቂኝም ባጭሩ፦ ሱቁ ሲቀበልሽ ደረሰኝ ያዢ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ላለው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፣ የዕቃ ስጦታሽ ድምር ከ500 ዶላር ከበለጠ ፎርም 8283 ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በታክስ ማመልከቻችሁ ላይ ተቀናሽ ወጪያችሁን በዝርዝር የምታስገቡ ከሆነ ነው፤ ካልሆነ ዋጋ በመገመት አትጨነቂ።

ፍሎፒዎቹን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለሚያንሱ አይደለም። በሥራ ቅደም ተከተል የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። ማንኛውንም ማሽን ከመንካታችሁ በፊት ካርቶናቸውን ከቤዝመንት አውጡና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በአባትሽ እጅ በአማርኛ የተጻፈ ስም ካላቸው፣ ውስጡም አማርኛ ሊሆን ይችላል፦ ደብዳቤ፣ የዕድር መዝገብ፣ የጀመሩት ጽሑፍ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ሰው የሚጽፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነበር፤ እያንዳንዱም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ ያን ፋይል ብትከፍቺው የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ታያለሽ። የተበላሸ መስሎሽ እንዳትጥዪው፤ ጽሑፉ አለ፣ ቁልፉ ነው የጠፋው።

የምታደርጊው ይህ ነው። የእያንዳንዱን ባለ ሦስት ኢንች ተኩል ዲስክ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ቀዳዳው እስኪታይ ግፊያት፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ሊጽፍበት አይችልም። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ በርካሽ ይሸጣል፤ ፋይሎቹን ሳትከፍቺ እንዳሉ ገልብጫቸው። የማኪንቶሹ ዲስኮች በዚህ ማንበቢያ ላይነበቡ ይችላሉ፣ እነሱን ለብቻ ለዪ። ከዴስክቶፖቹም አባትሽ አማርኛ ይጽፉበት የነበረውን ፈልጊ፤ እናትሽ ሳያውቁት አይቀሩም፣ ጠይቂያቸው። እሱ ማሽን ከነዲስኩ፣ ከነፎንቱ ቤት ይቅር። አይሰጥም፣ አይጠረግም።

ገልብጠሽ ስትጨርሺ የአንዱን ፋይል የመጀመሪያ መስመር በፎቶ አንስተሽ፣ በማሽኑ ላይ ካገኘሽው የፕሮግራም ስም ጋር ላኪልኝ። በዚያ ዘመን በእነዚያ ፎንቶች ጋዜጣ ሲያዘጋጁ የነበሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ለሙት ዓመቱ የሚደርስ ነገር ከተገኘ አብረን እናነበዋለን።